በውሰት የመጣ ወጣት፦ የአርሰናል ደጋፊዎች በኦዴጋርድ ላይ የነበራቸው ተስፋና ጥርጣሬ

በእግር ኳስ የዝውውር ሥርዓት ውሰት የሚባለው፣ አንድ ክለብ የተጫዋቹን ውል በእጁ እንደያዘ ለተወሰነ ጊዜ ለሌላ ክለብ እንዲጫወት የሚፈቅድበት ስምምነት ነው፤ ተዋሹ ክለብ ደመወዙን በሙሉ ወይም በከፊል እየከፈለ ይጠቀምበታል፣ ጊዜው ሲያበቃም ተጫዋቹ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። በውሉ ላይ «የመግዛት አማራጭ» የተባለ አንቀጽ ከገባ ተዋሹ ክለብ አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ ተጫዋቹን የማስቀረት መብት ይኖረዋል፤ «የመግዛት ግዴታ» ከሆነ ደግሞ በውሉ የተቀመጠው ሁኔታ ሲሟላ ፈለገም አልፈለገም ይገዛዋል። ኖርዌያዊው ማርቲን ኦዴጋርድ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 2021 ከሪያል ማድሪድ ወደ አርሰናል እስከ ውድድር ዘመኑ ፍጻሜ ሲመጣ የተፈረመው ውል ከሁለቱ አንዱንም አልያዘም ነበር። የደጋፊው ተስፋና ጥርጣሬ መልኩን ያገኘው በአመዛኙ ከዚህ ከጎደለው አንቀጽ ነው፤ ልጁ ባይሳካለት የባከነው ጊዜ የአርሰናል፣ ቢሳካለት ደግሞ ትርፉ የማድሪድ እንደሚሆን ለማስላት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም ነበርና።

የተጫዋቹ ታሪክ ራሱ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ያቀርብ ነበር። በዲሴምበር 1998 የተወለደው ኦዴጋርድ በ15 ዓመቱ ለኖርዌይ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፏል፣ በ16 ዓመቱም በጃንዋሪ 2015 ማድሪድን ተቀላቅሏል፤ ከዚያ በኋላ ግን በኔዘርላንድ ለሄረንቪንና ለቪቴስ፣ በስፔን ደግሞ ለሪያል ሶሲዳድ እየተዋሰ ነው ያደገው። ተስፈኛው ደጋፊ የ2019/20ን የሶሲዳድ ዘመን ይጠቅሳል፤ በዚያ ዓመት ወጣቱ በስፔን ንጉሥ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ በገዛ ባለቤቱ ሜዳ በበርናቤው ግብ አስቆጥሮ ቡድኑ ማድሪድን 4 ለ 3 ሲያሰናብት ተመልክቷልና። (በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ቢሆን ይህ ሊሆን አይችልም ነበር፤ የሊጉ ደንብ በውሰት ያለ ተጫዋች ባለቤት ክለቡን እንዳይገጥም ይከለክላል።) ተጠራጣሪው ደግሞ ያንኑ ታሪክ ገልብጦ ያነበዋል፤ የያኔው የማድሪድ አሰልጣኝ ዚነዲን ዚዳን በ2020 ክረምት መልሶ ጠርቶት ሲያበቃ በቂ ዕድል ያልሰጠው፣ ለዓመታት ከቤት ቤት ሲዞር የኖረ ልጅ አንድ የጎደለው ነገር ባይኖር ኖሮ ማድሪድ እንዴት ይለቀዋል ይላል።

ሆኖም ጥርጣሬው ሁሉ በልጁ ላይ ያነጣጠረ አልነበረም። አርሰናል የ2020ን ገና ያሳለፈው በ15ኛ ደረጃ ላይ ሆኖ ሲሆን፣ ቡድኑን ከዚያ አዘቅት ማውጣት የጀመረው ከክለቡ አካዳሚ ያደገውና ያኔ ገና 20 ዓመቱ የነበረው ኤሚል ስሚዝ ሮው ነው፤ ዲሴምበር 26 ቀን ቼልሲ 3 ለ 1 በተሸነፈበት ጨዋታ በአጥቂ አማካይነት፣ ማለትም በአማካዮቹና በአጥቂው መካከል ሆኖ ኳስ በሚያቀብለው ቦታ ተሰልፎ የቡድኑን ፍጥነት ለውጦታል። ኦዴጋርድ የሚጫወተው በዚያው ቦታ ስለሆነ፣ የራስን ልጅ አስቀምጦ የሰው ልጅ ማሳደግ ምን ይባላል የሚለው ጥያቄ ወዲያው ተነሣ። ትዝታም ነበረበት፤ በጃንዋሪ 2019 ከባርሴሎና በውሰት የመጣው ዴኒስ ሱዋሬዝ በስድስት ጨዋታዎች ብቻ ብቅ ብሎ አንድም ግብ ሳያስቆጥር ተመልሷል፣ ከማድሪድ የተዋሰው ዳኒ ሴባዮስም በዚያው ወቅት ሁለተኛ የውሰት ዓመቱን እየገፋ ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው አባባል እንዲህ ላለው ደጋፊ ተረት ብቻ ሳይሆን የቅርብ ልምድ ነበር።

ኦዴጋርድ በመጣበት የዝውውር መስኮት አርሰናል ተዋሽ ብቻ ሳይሆን አዋሽም መሆኑ ነገሩን ያወሳስበዋል። ውድ ዋጋ ተከፍሎበት የመጣው ፈረንሳዊው ተከላካይ ዊሊያም ሳሊባ ለአርሰናል አንድም ይፋዊ ጨዋታ ሳያደርግ በጃንዋሪ መጀመሪያ ለኒስ ተውሷል፤ የአካዳሚው ልጅ ጆ ዊሎክ ደግሞ የዝውውር መስኮቱ በሚዘጋበት ዕለት ወደ ኒውካስል ሄዷል። አንድ ደጋፊ በአንድ ሳምንት ውስጥ ኒውካስል ዊሎክን በወጉ እንዲያሰልፈው እየተመኘ፣ ኦዴጋርድ ግን ስሚዝ ሮውን እንዳያስቀምጥ ሊሰጋ ይችላል፤ ሁለቱን ምኞቶች ጎን ለጎን ላየ ሰው ተቃርኖ ይመስላሉ፣ በደጋፊ ልብ ውስጥ ግን ያለ ችግር አብረው ይኖራሉ። የራሱ ክለብ ልጅ በሄደበት እንዲወደድ የሚፈልገው ደጋፊ፣ ወደ እርሱ ለመጣው የሰው ልጅ ያንኑ ፍቅር ለመስጠት ሲጠየቅ ዋስትና ይሻል።

ያ የውድድር ዘመን ሌላም ልዩ ባሕርይ ነበረው። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ስታዲየሞቹ በአብዛኛው ባዶ ስለነበሩ የሰሜን ለንደኑ ደጋፊና በአዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጦ የሚከታተለው የአርሰናል ወዳጅ ኦዴጋርድን የሚያዩት በአንድ ዓይነት መስኮት ነበር፤ ሜዳ ገብቶ በዐይኑ አየሁት የሚል ምስክር እምብዛም ስላልነበረ የሁለቱም ፍርድ ካሜራው በመረጠው ላይ የተመሠረተ ነው። የካሜራው ዕይታ ደግሞ ኳሱን ስለሚከተል፣ ኳስ ሳይዝ በእጁ እየጠቆመ ጓደኞቹን ወደ ተጋጣሚ የሚያሠማራ፣ ራሱም ቀድሞ እየሮጠ ተከላካዮችን የሚያስጨንቅ ተጫዋች ሥራው ግማሹ ከክፈፉ ውጭ ይቀራል። ኦዴጋርድ የዚህ ዓይነት ተጫዋች ነው።

ማርች 2021 የደጋፊው ስሜት ያዘነበለበት ወር ነው። በ11ኛው ቀን ፒሬየስ ላይ ከኦሎምፒያኮስ ጋር በተደረገው የዩሮፓ ሊግ ጨዋታ ከሳጥን ውጭ በግራ እግሩ አክርሮ የመታት ኳስ በግብ ጠባቂው እጅ አልፋ የመጀመሪያ ግቡ ሆነች፤ እውነቱን ለመናገር ግብ ጠባቂው ሊያድናት ይገባ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ በሰሜን ለንደን ደርቢ ኪራን ቲየርኒ ከግራ መስመር መልሶ የሰጠውን ኳስ መትቶ ቶተንሃም ላይ አስቆጠረ፣ ይህችም ተከላካይ ነክታ ነው የገባችው፤ አርሰናል 2 ለ 1 አሸነፈ። ሁለቱም ግቦች ዕድል ያገዘቻቸው በመሆናቸው ተጠራጣሪውን አላሳመኑትም ቢባል አይፈረድበትም። ይልቅ አሳማኙ ማስረጃ በ21ኛው ቀን በዌስትሃም ሜዳ የታየው ነው። አርሰናል በግማሽ ሰዓት ገደማ 3 ለ 0 ከተመራ በኋላ ኦዴጋርድ ወደ ቀኝ እያዘነበለ፣ ኳሱን በግራ እግሩ አስቁሞ ለአፍታ እያዘገየ፣ ካሉም ቻምበርስ በመስመሩ እስኪያልፈው ጠብቆ እየሰደደለት ጨዋታውን በዚያ ጥግ ያካሂደው ጀመር፤ ውጤቱም 3 ለ 3 ሆነ። ከሦስቱ ግቦች ሁለቱ ዌስትሃሞች በራሳቸው ላይ ያስቆጠሩት፣ ሦስተኛው የአሌክሳንደር ላካዜት ስለሆነ የኦዴጋርድ ስም በግብ አስቆጣሪዎች ሰሌዳ ላይ አልሰፈረም። በዚያው ወር ኖርዌይ በ22 ዓመቱ የብሔራዊ ቡድኗ አምበል አድርጋ ሾመችው።

የዚያ ቀን የዌስትሃም የመጀመሪያ ግብ የጄሲ ሊንጋርድ ነበረች፤ እርሱም በጃንዋሪ ከማንቸስተር ዩናይትድ የተዋሰ ተጫዋች ሲሆን ዘመኑን በ16 የሊግ ጨዋታዎች 9 ግብ አስቆጥሮ ጨርሷል። ዊሎክ በኒውካስል በ14 ጨዋታዎች 8 ግብ አገባ፣ ከእነዚህም ሰባቱን በተከታታይ ሰባት ጨዋታዎች። ኦዴጋርድ በሁሉም ውድድሮች በ20 ጨዋታዎች 2 ግብ ብቻ ነበረው፣ በሊጉ ደግሞ አንድ። ውሰት የሚመዘነው በቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሦስቱ የመጨረሻው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ሊንጋርድ ወደ ዩናይትድ ተመልሶ በተቀያሪ ወንበር ላይ አንድ ዓመት ካሳለፈ በኋላ በነፃ ዝውውር ለቀቀ፤ ዊሎክን ኒውካስል በዚያው ክረምት ገዛው፣ ነገር ግን ያ የግብ ጎርፍ በዚያ መጠን አልተደገመም። ጥቂት ወራት በሚቆይ ውሰት ውስጥ ግብ በጣም የሚታይና በጣም የሚያታልል ነገር ነው፤ ተጫዋቹ ኳስን የሚያይበት መንገድ ግን በስድስት ሳምንትም ቢሆን ለሚያስተውል ሰው ይገለጣል። የአርሰናል ተስፈኞች በዚህ ረገድ ከስታቲስቲክሱ የተሻለ ፈርደዋል ማለት ማጋነን አይሆንም።

ተጠራጣሪዎቹ ግን ስለ ልጁ ተሳስተው ስለ ክለቡ ትክክል ነበሩ። ኤፕሪል 18 ቀን አርሰናልና ማድሪድ፣ ማለትም ተዋሹና አዋሹ ክለብ፣ በአንድነት የአውሮፓ ሱፐር ሊግ ተብሎ በተጠራው ውድድር መሥራችነት ስማቸው ሲወጣ፣ ደጋፊዎች ኤምሬትስ ስታዲየም ደጃፍ ተሰብስበው ባለቤቱ ስታን ክሮንኬ ክለቡን እንዲለቅ ጠየቁ። በዩሮፓ ሊግ ግማሽ ፍጻሜም የቀድሞው የአርሰናል አሰልጣኝ ኡናይ ኤምሬ የሚመራው ቪያሪያል ቡድኑን አስወጣው፤ አርሰናል በሊጉ 8ኛ ሆኖ ሲጨርስ ከ25 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአውሮፓ ውድድር ውጭ ሆነ። ኦዴጋርድም ሻንጣውን ይዞ ወደ ማድሪድ ተመለሰ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ኦገስት 20 ቀን 2021 በቋሚ ዝውውር መፈረሙ ሲነገር እንኳ ለእርሱ በተከፈለው ገንዘብ የሌስተሩን ጄምስ ማዲሰንን ማምጣት ይሻል ነበር የሚሉ ጥቂት አልነበሩም።

ከዚያ ወዲህ ደንቡ ራሱ ተለውጧል። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበራት ፌዴሬሽን ፊፋ ከጁላይ 2022 ጀምሮ አንድ ክለብ በዓለም አቀፍ ውሰት የሚሰጣቸውንና የሚወስዳቸውን ተጫዋቾች በስምንት ስምንት ወስኖ፣ በ2024 ወደ ስድስት ስድስት ዝቅ አድርጎታል፤ ዕድሜያቸው 21 እና ከዚያ በታች የሆኑና በክለቡ ያደጉ ተጫዋቾች ግን ከቁጥሩ ነፃ ናቸው። የውሰት ገበያው ወደፊትም በዋናነት የልጆች ገበያ ሆኖ ይቀጥላል ማለት ነው፣ የደጋፊውም ስሌት እንዲሁ። ኦዴጋርድ በጁላይ 2022 የአርሰናል አምበል ሆኖ ተሾመ፤ ኦገስት 5 ቀን ሴልኸርስት ፓርክ ላይ ክሪስታል ፓላስን 2 ለ 0 ያሸነፈውን ቡድን እየመራ ሲገባ፣ ከሦስት የውሰት ጉዞ የተመለሰው ሳሊባ የመጀመሪያ ይፋዊ ጨዋታውን ለማድረግ ከኋላው ተሰልፎ ነበር፤ ክለቡ ያንን ልጅ ያባክነዋል የሚለው ክርክር ደግሞ ለሁለት ዓመት ሲካሄድ የቆየው በአብዛኛው በዚያው ደጋፊ መካከል ነበር።