ሁለት ምስክር ያለው ደወል

“የጋዜጠኝነት ተማሪ ከአውሮፕላን ሞተር ጋር ምን አገናኘው?” ትሉኝ ይሆናል። ያገናኘኝ የአክስቴ ልጅ ነው፤ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነው። ቡና እየጠጣን፣ “እሳት የሚያውቅ መሣሪያ መሥራት ብዙም አይከብድም፤ ከባዱ ሲጮኽ ሰው የሚያምነውን መሥራት ነው” አለኝ። ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ቢለኝ ማንበብ ጀመርኩ።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 1980 ከሪያድ ወደ ጅዳ በተነሳ የሳዑዲ አውሮፕላን ላይ ከኋላው የዕቃ ክፍል የጢስ ማስጠንቀቂያ መጣ። የበረራው ሠራተኞች ማስጠንቀቂያው እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ብቻ ከአራት ደቂቃ በላይ ፈጀባቸው። ተመልሰው ሪያድ አረፉ፤ ግን በሮቹ በጊዜ አልተከፈቱም። 301 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ጥፋቱ የአራቱ ደቂቃ ብቻ አይደለም፤ ይሁንና ደወልን መጠራጠር ስንት ጊዜ እንደሚበላ ያሳያል።

መሐንዲሶች ለዚህ ጥርጣሬ መልስ አላቸው። በሞተሩ ዙሪያ ቀጭን ቱቦ ይዘረጋሉ። አንዱ ዓይነት ሙቀት ሲጨምር ኤሌክትሪክ በቀላሉ የሚያሳልፍ ነገር ውስጡ አለ፤ ሌላው የታመቀ ጋዝ ይዟል፤ ሲሞቅ ግፊቱ ጨምሮ ማብሪያውን ይጫነዋል። በብዙ አውሮፕላኖች ላይ ቱቦው ጥንድ ነው። ሁለቱም “እሳት” ካላሉ ደወሉ አይጮኽም፤ አንዱ ቢበላሽ ደግሞ ሌላው ብቻውን ይሠራል። የዕቃ ክፍሉን ጢስ ጠቋሚ አቧራና እርጥበት ሊያታልሉት ይችላሉ፤ ሕጉ ግን እሳት በተነሳ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንዲያስጠነቅቅ ያስገድዳል።

ጠቋሚ በሌለበትስ? እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2013 ለንደን ሂትሮው ቆሞ በነበረው የኛው አየር መንገድ ቦይንግ 787 ጣሪያ ውስጥ እሳት ተነሳ። መነሻው የአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያው ባትሪ ነበር። እዚያ ቦታ ጠቋሚ አልነበረም። ጢሱን ያየው የመቆጣጠሪያ ማማው ሠራተኛ ነው። ደግነቱ ውስጡ ሰው አልነበረም። በአየር ላይ ቢሆን ኖሮስ?

እኛም በልምምድ ክፍላችን “ቀድመን እናውጣው” እና “መጀመሪያ እናጣራው” እያልን ስንከራከር እንውላለን። እኔ የ“እናጣራው” ወገን ነኝ። ግን ማጣራትም ጊዜ ይበላል፤ ሪያድ ምስክር ናት። ስለዚህ ጥያቄው ማን ያጣራል የሚለው ይመስለኛል። ጥንዱ ቱቦ አጣርቶ ጨርሶ ነው የሚጮኸው፤ አብራሪው ከደወሉ ጋር ሳይሟገት ወደ ሥራው ይገባል።

እናቴ ስልኳ ላይ የሚደርሳትን ወሬ ሁሉ “ይሄም እንደዚያኛው ነው” እያለች ማለፍ ከጀመረች ቆየች። ብዙ ጊዜ ተታላለችና አልፈርድባትም። የምፈራው እውነተኛው የመጣ ዕለት ነው። ያን ዕለት ዜናውን የምናደርሰው እኛ ከሆንን፣ ሁለቱን ምስክር ቀድመን የማቆም ዕዳው የኛ ነው። እሷማ መነሳት ነው ያለባት።