የድሬስደን ጥቁር ድንጋዮች

ድሬስደን በገባን ዕለት ጠዋት፣ ከባለቤቴ ጋር በኤልበ ወንዝ ዳር በእግራችን ሄደን ፍራውንኪርሸ የተባለችውን የሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን ጎበኘን። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1945 ከተማዋ በአውሮፕላን ስትደበደብ ፈርሳ፣ ለአሥርተ ዓመታት የድንጋይ ክምር ሆና ቆይታለች። እንደገና ተሠርታ የተመረቀችው በ2005 ነው። በግድግዳዋ ላይ ነጣ ካሉት አዳዲስ ድንጋዮች መካከል የጠቆሩት፣ ከፍርስራሹ የተለቀሙት ናቸው። በጉልላቷ ላይ ያለውን መስቀል የሠራው እንግሊዛዊ አንጥረኛ፣ አባቱ ከተማዋን ከደበደቡት አብራሪዎች አንዱ ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ ከአይብና ከእንቁላል ተደራርቦ የሚጋገረውን የአገሩን ኬክ፣ አየርሼኬን፣ በቡና ስንቀምስ ባለቤቴ፣ «ጥቁሩን ድንጋይ እኮ አልጣሉትም» አለኝ።

ውድ ባለትዳሮች፣ በቤታችሁ የፈረሰ ነገር ካለ የተረፈውን ድንጋይ አብራችሁ ልቀሙ። ጠባሳው ቢታይም ቤቱ ይቆማል።