አጭሩ አድራሻና ረዥሙ መዘዙ

በአዲስ አበባ እንግዳ ወደ ቤታችሁ ስትጠሩ መንገዱን እንዴት አድርጋችሁ ትነግሩታላችሁ? «ጠጅ ቤቱ ዘንድ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ፤ ሦስተኛው በር ነው» ትሉት የለምን? ጠጅ ቤቱ የፈረሰ ዕለት ግን ቤታችሁ በቦታው ሳለ እንግዳው መንገድ ይጠፋበታል። እኔም በማስተምርበት ክፍል ይህንኑ የመሰለ ነገር ስላጋጠመኝ ላጫውታችሁ ወደድሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዎቼ በኢንተርኔት የወጣ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ እንዲያነቡ አዘዝሁ። አድራሻውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ልጽፍ ብል ግን የሚቻል አልሆነም። የእኛ ፊደል ያለበት አድራሻ ሲገለበጥ ብዙ ጊዜ አንዱ ሆሄ በ9 የላቲን ፊደል፥ አኃዝና ምልክት ይተካል፤ «ኢትዮጵያ» የሚለው ባለ 5 ሆሄ ስም ብቻውን 45 ይሆናል። ስለዚህ አድራሻ ከሚያሳጥሩት ኩባንያዎች በአንዱ አሳጥሬ ጻፍሁላቸው፤ ሁሉም በየደብተሩ ገለበጠ። ኩባንያው ትንሽ ስለ ነበር ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፤ ከዚህ በታች ከምጠራቸውም አንዱ አይደለም።

በኋላ አንዲት ተማሪ የታላቅ ወንድሟን ደብተር ይዛ መጣች። «ቲቸር፥ ይኸ አድራሻ እኮ አይከፍትም፤ ወንድሜ አሳስቶ ገልብጦት ነው መሰለኝ» አለችኝ። ከመክሰስ ገንዘቧ ቆጥባ የገዛችውን የኢንተርኔት ፓኬጅ ስትሞክር ጨርሳዋለች። ወንድሟ አንዲት ፊደል አላሳሳተም ነበር። ጽሑፉም በቦታው አለ፤ መንገድ ጠቋሚው ኩባንያ ግን ሥራውን ትቶ ሄዷል። ያለ ጥፋቱ የተወቀሰውን ልጅ ሳስብ አፈርሁ።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለማወቅ የነዚህን ኩባንያዎች ታሪክ መመርመር ጀመርሁ። ዘመኑን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በ2002 ኬቪን ጊልበርትሰን የተባለ አሜሪካዊ፥ ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ወዳጅ፥ ስለዚሁ ጨዋታ የሚጻፉትን መልእክቶች ረዥም አድራሻ ለማሳጠር ታይኒ ዩአርኤልን አቋቋመ። በ2006 ደግሞ ትዊተር ተወለደ፤ መልእክቱ ከ140 ፊደል እንዳያልፍ ይገደድ ስለ ነበር አንድ ረዥም አድራሻ የቃሉን ቦታ ሁሉ ይበላው ጀመር። ያን ጊዜ አድራሻ አሳጣሪዎች እንደ አሸን ፈሉ።

አገልግሎቱ በነጻ ከሆነ ትርፉ ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። መንገድ ጠቋሚ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ይቆጥራል፤ ስንት ሰው፥ መቼና ከየት ተነሥቶ እንዳለፈ ለማወቅ ደግሞ ነጋዴ ገንዘብ ይከፍላል። በ2008 የተጀመረው ቢትሊ በዚህ ቆጠራ በረታ፤ በ2009 ትዊተር ታይኒ ዩአርኤልን ትቶ እርሱን መረጠ። በዚያው ዓመት ትሪም የተባለው ተወዳዳሪ መዘጋቱን ዐወጀ፤ ሰዉ ሲጮህ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሐሳቡን ለወጠ። በዓመቱ መጨረሻ ጉግልም የራሱን አሳጣሪ ይዞ መጣ። በመጨረሻም የገበያው ባለቤት ራሱ ሱቅ ከፈተ፤ ትዊተር ከ2010 ጀምሮ በራሱ አጭር አድራሻ እየተካ፥ አድራሻው ቢረዝምም ቢያጥርም ሒሳቡ አንድ ሆነ። ተወዳዳሪዎቹ የተጣሉበት ምክንያት እዚያው ላይ ጠፋ።

የጉግልም መጨረሻ ያስተምራል። በ2019 አዲስ ማሳጠሩን አቆመ፤ በ2024 የቀሩት አድራሻዎች በነሐሴ 2025 ይዘጋሉ አለ፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ሰው የሚጠቀምባቸውን አቆይቶ፥ የተረሱትን ብቻ ለመዝጋት ወሰነ። በአሮጌ ደብተር ውስጥ የተኛ አድራሻ ከተረሱት ወገን መሆኑን ማን ይስታል? ውድድሩ የኩባንያዎቹ ነበር፤ ዕዳው ግን በገለበጠው ልጅ ላይ ወደቀ።

ዛሬም ሰሌዳው ጠባብ ነውና አጭር አድራሻ እጽፋለሁ። ከአጠገቡ ግን የጽሑፉን ርእስ፥ የጸሐፊውን ስምና የወጣበትን ቦታ አልተውም። ተማሪዎቼ «ቲቸር፥ ይኼ ሁሉ ለምንድን ነው?» እያሉ ያጉረመርማሉ። እኔም እላቸዋለሁ፦ ጠጅ ቤቱ ቢፈርስ እንኳ የባለቤቱን ስም የያዘ እንግዳ ጠይቆ ይደርሳል።