ጫጫታ የሚከብደው ሰው ወደ እንጦጦ ሲወጣ

አንባቢ ሆይ፤ ስለ እንጦጦ ተራራ ብዙ ሰምተው ይሆናል። ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ ስለ ባሕር ዛፉ፣ ስለ ሯጮቹም የተጻፈው ጥቂት አይደለም። እኔ ግን ዛሬ ወደዚያ የምመራዎ ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። ይኸውም ጫጫታና ግርግር ከሌላው ሰው ይልቅ የሚከብደው ሰው፣ በዚህች ትልቅ ከተማ ውስጥ በስንት ሰዓት ወጥቶ፣ በየት በኩል ሄዶ ሰውነቱን ሊያንቀሳቅስ እንደሚችል ለማሳየት ነው። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ እኔ ስለ ሆንሁ መንገዱን በእግሬ አውቀዋለሁ።

አስቀድሜ ስለ ጉዳዩ ጥቂት ልበል። ኦቲዝም እንደ ጉንፋን የሚይዝና የሚለቅ በሽታ አይደለም፤ አብሮ የሚወለድ፣ አእምሮ ነገርን የሚቀበልበትና የሚያደራጅበት የተለየ መንገድ ነው። ሐኪሙ ሊዮ ካነር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1943 ስለ ጉዳዩ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከተመለከታቸው ልጆች መካከል ከፍ ያለ ድምፅ የሚያስደነግጣቸው እንደ ነበሩ ገልጾ ነበር። ይሁን እንጂ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ድምፅ፣ ብርሃን፣ ሽታና መነካካት ከልክ በላይ ወይም ከልክ በታች መሰማቱን ከመለያ ምልክቶቹ ተራ ያስገባው በ2013 ነው። ሰባ ዓመት ፈጀ ማለት ነው። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በፈረንጆች 2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን እስኪያቋቁሙና በየአደባባዩ መናገር እስኪጀምሩ ድረስ፣ ስሙን የሚያውቀው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ልጁን ከጓዳ የሚደብቀው ወላጅ ግን ብዙ ነበር። እኒህ ሴት በ2013 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

ድምፁ እንዴት እንደሚሰማ ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ልስጥ። እርስዎ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠው ከጓደኛዎ ጋር ሲጨዋወቱ የረዳቱ ጩኸት፣ የሞተሩ ድምፅ፣ የሬዲዮው ማስታወቂያና የኋላው መኪና ጥሩምባ ወደ ዳር ይሸሹልዎታል፤ የጓደኛዎ ቃል ብቻ ይቀራል። ለእኔ ወደ ዳር የሚሸሽ ነገር የለም። ሁሉም እኩል ከፊት ይቆማል። ሩብ ሰዓት ቢሆን እችለዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን አንገቴ ይደርቃል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ የምናገረው ቃል ይጠፋብኛል። ከስድሳ ተማሪዎች ፊት ቆሞ ውሎ በዚህ ዓይነት ጉዞ ወደ ቤቱ ለሚመለስ ሰው ሰውነትን ማንቀሳቀስ እንዲሁ የመዝናኛ ነገር አይደለም። ሮጬ ያደርሁ ቀንና ሳልሮጥ የዋልሁ ቀን እንቅልፌም ትዕግሥቴም አንድ አይደሉም።

የዓለም የጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። ምክሩ መልካም ነው፤ ችግሩ የት የሚለው ነው።

በከተማችን ጂም የሚባለው ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚቀበልዎ ሙዚቃ ነው። ብረቱ ሲወድቅ ወለሉ ይናወጣል፤ ግድግዳው መስታወት ስለ ሆነ ሃያው ሰው አርባ ይሆናል። ለሌላው ብርታት የሚሰጠው ይኸው ነገር እኔን ከበር ይመልሰኛል። መስቀል አደባባይ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ከታደሰ ወዲህም ቢሆን የሯጭ ቦታነቱን አልተወም፤ በደረጃዎቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሱ የሚሮጡትን ማየት ያስደስታል። እሑድ ጠዋት ግን አሠልጣኞች ድምፅ ማጉያ ይዘው ሕዝቡን ያዘልላሉ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫማ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሰው አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ አሥር ኪሎ ሜትር እየዘፈነ የሚሄድበት በዓል ነው። ደስ ይበላቸው! እኔ በቴሌቪዥን አየዋለሁ፤ ድምፁን ቀንሼ።

እንግዲህ ወደ ተራራው እንሂድ። መነሻችን ሽሮ ሜዳ ነው፤ ሰዓቱም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል። ቀን ቢመጡ ይህ ሠፈር የሸማኔና የአገር ልብስ ገበያ ነው፤ ጥለት የተሰቀለበት ሱቅ በግራም በቀኝም ነው፤ መኪናውና ገበያተኛው መንገዱን ይካፈሉታል። በዚያ ሰዓት ግን ሱቆቹ ዝግ ናቸው። አንድ ሁለት የሻይ ቤት መብራት፣ ጋቢ የተከናነቡ አሮጊቶች፣ ወደ ላይ የሚጓዝ የመጀመሪያ መኪና፤ ይኸው ነው።

ከሽሮ ሜዳ በላይ አስፋልቱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። በእግር እስከ እንጦጦ ማርያም አንድ ሰዓት ያህል ነው። መጀመሪያ ላይ ከተማው ከኋላ ይከተልዎታል፤ የጸሎት ድምፅ ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም በድምፅ ማጉያ ይሰማል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ከባድ መኪና ማርሽ ይቀይራል። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እነዚህ ድምፆች ይቀላቀሉና አንድ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ይሆናሉ። ከዚያ ባሕር ዛፉ ይጀምራል። ነፋሱ በቅጠሉ ውስጥ ሲያልፍ የሚሰጠው ድምፅ ትንሽ አይደለም፤ እንዲያውም ክረምት ሲገባ ጎርፍ የመጣ ይመስላል። ነገር ግን አያስደነግጥም። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ እኛን የሚጎዳን ከድምፁ ብዛት ይልቅ ድንገተኛነቱ ነው። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቢመታ ተኝቼ አድራለሁ፤ አንድ በር ድንገት ቢላተም ግን ልቤ እስከ ረፋድ አይመለስም።

ይህ ዛፍ የአገራችን ተወላጅ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን በዚህ ተራራ ላይ ሠርተው፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ከነገሡ በኋላ፣ ማገዶ እያለቀ ስለ ሄደ ከውጭ አገር አስመጥተው ያስተከሉት ነው። አንዳንድ ምሁራን ውሃ ይመጣል፣ በሥሩ ሌላ ተክል አያስበቅልም ብለው ያሙታል፤ ሐሜታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ግን ለጥላውና ለድምፁ ውለታ አለብኝ።

አተነፋፈስዎን ይጠብቁ። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባት ዐሥረኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አዲስ ሰው እሮጣለሁ ብሎ ቢነሣ በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ይቀመጣል። ይራመዱ፤ ሩጫው በሦስተኛው ሳምንት ይመጣል።

ስለ ሯጮቹ አንድ ነገር ልንገርዎ። ጎህ ሲቀድ በጫካው ውስጥ ተከታትለው በአንድ ረድፍ ሲያልፉ የሚሰማው እግራቸውና ትንፋሻቸው ብቻ ነው። በአገራችን ሰላምታ ረዥም ነው፤ የቤተሰቡ፣ የከብቱ፣ የሰንበቱ ሁሉ ደኅንነት ይጠየቃል። ባህሉን አልነቅፍም፤ ዳሩ ግን እንደ እኔ ላለ ሰው ሦስት ሰላምታ የአንድ ቀን ሥራ ነው። በተራራው ላይ ሯጩ ሲያልፍዎ «በርታ!» ይላል፤ እርስዎም «በርታ!» ይላሉ። ሰላምታው አበቃ። በዓለም ላይ ከዚህ የተሻለ ጉባኤ አላገኘሁም።

አሁን ዋናው ምክር። ወደ እንጦጦ የሚሄድ ጫጫታ ሸሽ ሰው ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ቀን መቁጠሪያውን ማየት አለበት። በወሩ 1 ቀን የራጉኤል፣ በ16 የኪዳነ ምሕረት፣ በ21 የማርያም በዓል ስለ ሆነ መንገዱ ከሌሊት ጀምሮ በምእመናን ይሞላል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ጎብኚ ይበዛበታል፤ ፈረሱ፣ ብስክሌቱ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል። በሥራ ቀን ማለዳ ግን የፓርኩ መንገድ ጭር ያለ ነው፤ ለእግርም ይመቻል።

በሌሊት መውጣት ለማይመቸው ሰው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አለለት። 705 ሔክታር የሚሆን የተራራ መሬት ነው፤ ባሕር ዛፉን በጥድ፣ በወይራና በኮሶ ለመተካት የሚደክሙበት ቦታ ነው። በቀን ይገቡበታል፤ ውስጥ ለውስጥ ሲሄዱም ግማሽ ሰዓት ያህል ሰው ላያገኙ ይችላሉ።

ብቻዎን አይሂዱ። ጅብ በእነዚህ ጫካዎች ውስጥ አለ፤ በመንጋ የሚሄድ ውሻ ደግሞ ከጅብ ይልቅ ያሠጋኛል። ሴቶች እኅቶቻችንም በጭር መንገድ ላይ ያለባቸው ሥጋት ሌላ ነውና ሁለት ሦስት ሆኖ መውጣቱ ይሻላል። የጆሮ መድፈኛ የሚያደርግ ሰው መኪና በሚያልፍበት አስፋልት ላይ አንዱን ጆሮ ክፍት ይተው።

ስለ አብሮ መውጣት ካነሣሁ አይቀር፣ ከእኔ ጋር ስለሚወጡ ሁለት ሰዎች ልንገርዎ። በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አለ። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ፊሽካ ሲነፋ ጆሮውን ይዞ ከሜዳው ይወጣል። ሁለት ጊዜ ተገሠጸ፤ በሦስተኛው ዜሮ ተሰጠው፤ እናቱም ተጠሩ። «ሰነፍ ነው፣ ትእዛዝ አይሰማም» ተባሉ። ሴትዮዋ ከቢሮው ሲወጡ አገኘኋቸውና ቁጭ ብለን ተነጋገርን።

«መምህር፣ ልጄ ሰነፍ አይደለም» አሉኝ። «ሃያ ሊትር ውሃ ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣዋል። ሰው ሲበዛ ነው እንዲህ የሚሆነው። ኪዳነ ምሕረት ጠበል ይዤው ሄጄ ነበር፤ ግፊያውና ጩኸቱ ባሰበት፤ ታሞ ገባ። መንገዱን ግን ወደደው። እማዬ፣ ወደዚያ መንገድ መቼ ነው የምንመለስ እያለ ይጠይቀኛል።»

«ታዲያ ወደ መንገዱ ብቻ እንመለሳ፣ እናቴ» አልኋቸው።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ሦስት ሆነን እንወጣለን። እናትየው ከኋላ ቀስ ብለው ይመጣሉ፤ ልጁ የመብራት ምሰሶ እየቆጠረ ከፊት ይሄዳል። ዳገቱን መጀመሪያ በ58 ደቂቃ ነበር የወጣው፤ አሁን 44 ደርሷል። ሰዓቱን በየጊዜው በደብተር ይጽፋል፤ እኔም እፈርምበታለሁ። ይህ ፊርማ ዋጋ እንዲኖረው የስፖርት መምህሩን አነጋግሬአለሁ፤ በሜዳ ላይ ያጣውን ነጥብ በተራራው ሰዓት እንዲለውጡለት፣ ባይሆን እንኳ ተማሪው ሳይሰለፍ ቀደም ብሎ ግቢውን እንዲዞር እንዲፈቅዱለት ማመልከቻ ጽፈናል። መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ «ለአንድ ልጅ ብዬ ሕግ ከለወጥሁ ነገ ሁሉም ጆሮውን ይዞ ይመጣል» ነው ያሉኝ። እኔም ፊሽካው በእውነት የሚያመው ልጅና ልምምዱን የሚሸሽ ልጅ በተራራው ላይ እንደሚለዩ፣ ሸሺው በ11 ሰዓት ተኩል ከአልጋው እንደማይነሣ ነገርኋቸው። ሣቁ፤ ማመልከቻውንም ተቀበሉ። የወሰን ትምህርቱ ፈተና ሊደርስ አምስት ሳምንት ቀርቶታል፤ መልሱ እስከ ዛሬ አልመጣም። ልጁ በዚህ ነጥብ ምክንያት ከክፍል ክፍል ባያልፍ እናትየው ትምህርቱን አስትተው ወደ ሸማ ሥራ ሊያስገቡት አስበዋል።

የፊታችን ቅዳሜ ወሩ 21 ስለ ሆነ በማርያም በኩል አንወጣም። በጉለሌ በኩል ነን። ልጁም ይህን ሰምቶ የመብራት ምሰሶ በሌለበት ምን እንደሚቆጥር ሲጠይቀኝ ሰንብቷል፤ ጥድ ቁጠር ብዬዋለሁ።