በዶሴ ውስጥ የቀረ ደብዳቤ

አንባቢ ሆይ! እርስዎም እንደ እኔ የመዝገብ ቤት አቧራ የሚያስነጥስዎ ጸሐፊ ከሆኑ፥ ዛሬ የማጫውትዎ ስለ አንድ ደብዳቤ ነው። የተጻፈው በሩቁ አውስትራልያ ነው፤ ቋንቋውን ግን ወዲያው ያውቁታል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. በገና ዕለት ብሩስ ትሬቮሮ የሚባል የ13 ወር ሕፃን ሆዱን ታመመና፥ አባቱ ጎረቤቶቹን ለምኖ ወደ አደሌይድ ሆስፒታል ላከው። ቤተ ሰቡ የአገሩ ጥንተ ተወላጆች፥ ማለት አቦርጂኖች ነበሩ። ሕፃኑ ዳነ፤ ዳሩ ግን የአቦርጂኖችን ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት፥ እናትና አባቱን ሳያስፈቅድ፥ ለአንድ ነጭ ቤተ ሰብ እንዲያሳድጉት ሰጠው። ነገሩ የእርሱ ብቻ አልነበረም፤ ከ1910 እስከ 1970 ድረስ ከ10 የአቦርጂን ልጆች ቢያንስ አንዱ፥ ቢበዛም ከ3 አንዱ በግድ ከወላጆቹ መለየቱን በ1997 የወጣው የምርመራ መግለጫ ይናገራል።

እናቲቱ በ1958 ልጅዋ መቼ እንደሚመለስላት ጠይቃ ጻፈች። መልስም መጣላት። (ልብ ይበሉ፤ መልስ አልተነፈጋትም!) ልጁ በመሻል ላይ ነው፥ ነገር ግን ሐኪሙ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ገና አልፈቀደለትም የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ ልጁ ከሆስፒታሉ ከወጣ ወራት አልፎታል።

ይህን የጻፈው ሰው ክፉ ነበርን? እኔ እንጃ! ቁጥርና ቀን ጽፎ፥ ግልባጩን በዶሴው አስገብቶ፥ ሻይ ሊጠጣ የወጣ ይመስለኛል። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርሁበት ዓመት ለአንዲት አሮጊት «ጉዳይዎ በመታየት ላይ ነው» ብዬ ጽፌአለሁ፤ ዶሴያቸውን ግን አልከፈትሁትም ነበር። እርሳቸውም መርቀውኝ ሄዱ።

ብሩስ ወደ እናቱ የተመለሰው 10 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ አባቱ በመካከሉ ሞቷል። ከዚያ በኋላ ኅዘንና መጠጥ ተፈራረቁበት። መሥሪያ ቤቱ የጻፋቸው ወረቀቶች ግን አልጠፉም ነበርና፥ ከሶ በ2007 የደቡብ አውስትራልያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 525,000 ዶላር ካሣ ፈረደለት። በየካቲት 2008 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኬቪን ራድ በምክር ቤት ፊት ይቅርታ ጠየቁ፤ ብሩስ በዚያው ዓመት በ51 ዓመቱ ሞተ።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ባለፈው ሰኞ ወደ መዝገብ ቤት ወርጄ ያን የአሮጊቲቱን ዶሴ አስፈለግሁ። ግልባጩ አለ፤ ፊርማዬም ሳይደበዝዝ።