ቋሚው መርገጫና ተሰብሳቢው መርገጫ

በዚህ ገጽ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ምርጫና ስለ ፓርቲዎች ብዙ ስንነጋገር ከርመናል። ዛሬ ግን ስለ አንድ ብረት ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ብረቱ በፒክአፕ መኪና ጎን፣ ከበሩ ሥር የሚገኘው፣ ሰው እግሩን አሳርፎ ወደ ጋቢና የሚወጣበት መርገጫ ነው። «ዶክተሩ ደግሞ ጋራዥ ከፈተ እንዴ?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም። እኔም እስከ ፌብሩዋሪ 2021 ድረስ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። (ካልገለጽሁ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መርገጫው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቋሚ ነው፤ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ቱቦ፣ አለዚያም ጠፍጣፋ ሰሌዳ ሆኖ በጥቂት ድጋፎችና ብሎኖች ከመኪናው አካል ጋር ይታሰርና መኪናው እስኪያረጅ ድረስ እዚያው ይኖራል። ሁለተኛው ተሰብሳቢ ነው። በሩ ተዘግቶ ሳለ ከመኪናው ሆድ ሥር ተጣጥፎ ስለሚቀመጥ ዓይን አያየውም። በሩ ሲከፈት ሴንሰሩ ምልክት ይሰጣል፤ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ክንዶቹን ያዞራል፤ ሰሌዳውም ወደ ታችና ወደ ውጭ ይዘረጋል። በሩ ሲዘጋ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ወደ ጎሬው ይመለሳል።

ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው ከዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ በምትባለው የቴክሳስ ከተማ ነው። ሥራው የቤት ማቀዝቀዣና ማሞቂያ መትከል ስለሆነ ያለ ፒክአፕ መኖር አይችልም። በ2019 አንድ ግዙፍ ደብል ጋቢና ገዛ። ሻጩ ካሳየው ነገር ሁሉ ልቡን የማረከው ይኸው ተሰብሳቢ መርገጫ ነበር። ስልክ ደውሎ የነገረኝ ስለ ሞተሩ ጉልበት አልነበረም፤ «ጋሼ፣ በሩን ስትከፍት ደረጃው ራሱ ይመጣልሃል» ነበር ያለኝ። እናታችን በ2020 መጀመሪያ ልትጠይቀው ሄዳ ኮሮና መንገዱን ዘጋባትና ከረመች። ለመጀመሪያ ጊዜ በሩ ሲከፈትላት ብረቱ ከመኪናው ሆድ ወጥቶ እግሯ ሥር ሲዘረጋ አይታ አፏን በእጇ ያዘች። «ይኼስ ከሰው ልጅ ይሻላል፤ ተነሥቶ ተቀበለኝ» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መርገጫውን እንደ አንድ የቤት ሰው ታመሰግነው ነበር አሉ።

ለተሰብሳቢው ሚዛናዊ ፍርድ ልስጥ። ሲዘረጋ ከቋሚው ይበልጥ ወደ መሬት ይጠጋል፤ ስለዚህ ጉልበቱ ለደከመ ሰው የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነው። ሲሰበሰብ ደግሞ በድንጋያማ መንገድ ላይ የሚጋጭ ነገር አይኖርም፤ በጠባብ ቦታ መኪና ለማቆምም ይመቻል። ቋሚው ግን ሁልጊዜ ወደ ውጭ እንደ ወጣ ነው። ድንጋይ ይመታዋል፤ ጭቃ ይሰበስብና ያንኑ ጭቃ በሱሪህ ላይ ይጠርገዋል። በምላሹ የፊት ጎማ የሚወረውረውን ጠጠር ከመኪናው ቀለም ቀድሞ ራሱ ይቀበላል። በዋጋ ረገድ ቋሚው በጥቂት መቶ ዶላር ሲገኝ፣ ተሰብሳቢው ብዙ ጊዜ ከ1,000 ዶላር በላይ ያስወጣል። ሽቦ፣ ሞተርና ማጠፊያ ስላለውም ጭቃን፣ ጨውንና በረዶን አይወድም። ነገሩ ይህን ብቻ ቢሆን ኖሮ ምርጫው የኪስና የመንገድ ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር።

ይሁን እንጂ መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። አንድ ጤነኛ ጎልማሳ መኪና ውስጥ ለመግባት ደረጃ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? የአሜሪካ ፒክአፕ ድሮ የገበሬ መኪና ነበር፤ እግርን አንሥቶ መግባት ይበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እየረዘመና እየገዘፈ ሄደ። ለዚህ የገዢው ፍላጎት ብቻ ሳይሆን ሕግም እጁ አለበት። ከ1964 ጀምሮ ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪኖች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ተጣለ፤ ሰበቡ፣ አንባቢ አይሣቅ፣ አውሮጳውያን በአሜሪካ ዶሮ ላይ የጣሉት ቀረጥ ነበር። በዚህ ምክንያት የሀገሬው ፋብሪካዎች ለአሠርት ዓመታት ከትናንሾቹ የውጭ ፒክአፖች ፉክክር ተጠልለው ኖሩ። በ2006 የወጣው የነዳጅ ቁጠባ ደንብ ደግሞ መኪናው የሚይዘው ስፋት በጨመረ ቁጥር የሚጠበቅበትን የቁጠባ መጠን ዝቅ የሚያደርግ ሆነ። ፋብሪካው ምን ያድርግ? አሰፋው፤ ከፍ አደረገው። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መድን ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ኮፈናቸው ከመሬት ከ40 ኢንች (አንድ ሜትር ገደማ) በላይ የሆኑ መኪኖች ኮፈናቸው 30 ኢንችና ከዚያ በታች ከሆነው ይልቅ የገጩትን እግረኛ የመግደል ዕድላቸው በ45 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ አመልክቷል። በዚያች ሀገር በ2009 በመኪና ተገጭተው የሞቱት እግረኞች 4,100 ገደማ ነበሩ፤ በ2022 ከ7,500 በልጠዋል። ሁሉንም በፒክአፕ ማሳበብ ትክክል አይሆንም። ነገር ግን መኪናውን ከሰው ጉልበት በላይ ከሰቀሉ በኋላ መውጫውን ለብቻው አስከፍሎ መሸጥ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከንግድ ብልሃት ያለፈ ነገር አለው። ርካሹ የሥራ ፒክአፕ ብዙውን ጊዜ ያለ ምንም መርገጫ ይሸጣል፤ ተሰብሳቢው የሚገኘው በውድ ውድ ሞዴሎች ላይ ነው። ይኸው ዕቃ መጀመሪያ የታየውም በገበሬ መኪና ላይ አልነበረም፤ በ2003 ሞዴሉ ሊንከን ናቪጌተር በተባለው የቅንጦት መኪና ላይ ነበር።

ሊንከን ካልሁ አይቀር፣ የመርገጫ ታሪክ ከመንግሥታት ታሪክ ጋር የተገናኘበትን አንድ ቀን ላንሣ። ከ1961 ጀምሮ ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ ያገለግል የነበረው ክፍት ሊንከን በጎኑ ለጠባቂዎች የሚወጡና የሚገቡ መርገጫዎች ተሠርተውለት ነበር። ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ዳላስ ውስጥ በእነዚያ የጎን መርገጫዎች ላይ ማንም አልቆመም። ጠባቂዎቹ የቆሙት ከኋላ በሚከተለው ካዲላክ ቋሚ መርገጫዎች ላይ ነበር። ጥይት ሲተኮስ ክሊንት ሂል የተባለው ጠባቂ ከግራው ቋሚ መርገጫ ላይ ዘሎ ሮጠ፤ ከፊተኛው መኪና ኋላ ተንጠላጥሎም ወጣ። ግን ዘግይቶ ነበር። መርገጫው ተዘርግቶ ሰው ቢቆምበት ኖሮ ኬኔዲ ይተርፉ ነበር ለማለት አልደፍርም። ይሁንና ከዚያ ቀን ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው በፊት ጃንሆይ በዋሽንግተን ጎዳና ከኬኔዲ ጋር በክፍት መኪና ሲያልፉ የተነሡትን ፎቶግራፍ ባየሁ ቁጥር፣ ዓይኔ ከሁለቱ መሪዎች ፊት አልፎ ወደ መኪናው ጎን ይወርዳል። ጃንሆይ ሁለት ወር ሳይሞላ ወደዚያችው ከተማ የተመለሱት ለቀብር ነበር።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስን የመታውን የበረዶ ማዕበል ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የዳላስ አካባቢ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች ወደ 19 ዲግሪ ወረደ፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጡ፤ ክፍለ ግዛቱ ራሱ የመዘገበው የሟቾች ቁጥር 246 ነው። ያን ሰሞን እኔም ከወንድሜ ዘንድ ነበርሁ። ሦስት ቀን በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ደርበን፣ እናታችንን በመካከላችን አድርገን ተቀመጥን። ማሞቂያ ተካዩ ወንድሜ በገዛ ቤቱ ማሞቂያ አጥቶ ሲቆዝም ማየት በሌላ ጊዜ ያስቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን መብራት ያላቸው አንድ የሰበካ ጉባኤ አባል «እናታችሁን ይዛችሁ ኑ» ብለው ደወሉ።

መኪናው በረዶ ለብሶ ቆሞ ነበር። ወንድሜ በሩን ታግሎ ከፈተ። መርገጫው አልወጣም። እናቴ እግሯን አንሥታ ትንሽ ጠበቀችው። ከዚያ ወንድሜ ብብቷን ይዞ እንደ ኩንታል አንሥቶ አስገባት። ነጠላዋን እያስተካከለች ዝም አለች፤ ዝም ማለቷ ከመናገሯ ይልቅ ከበደኝ።

እንግዳ ተቀባያችን በር ላይ ስንደርስ እኔ ከኋላ በግራ በኩል ወርጄ ልደግፋት ዞርሁ። በሩን ራሷ ከፈተችው። ያን ጊዜ ከመኪናው ሥር ያ የለመደችው የሞተር ድምፅ ተሰማ፤ እርር አለ። የመጣ መሰላት። በእውነትም አንድ ስንዝር ያህል ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ከማጠፊያው ላይ የተጋገረው በረዶ ሲይዘው ግን ቆመ። እናቴ አንድ ዓመት ሙሉ እንደለመደችው እግሯን ወደ ታች ሰደደች። እኔ ሁለት እርምጃ ቀርቶኝ ነበር። በረዶው ላይ በእጇ ወደቀች፤ የቀኝ አንጓዋ ተሰበረ።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ወንድሜ መኪናውን ወደ ሻጩ ድርጅት ይዞ ሄደ። መረመሩት፤ አወጡት፤ አስገቡት። መልሳቸው አጭርና ጨዋነት የተሞላበት ነበር፦ ዕቃው አልተበላሸም። ሞተሩ የሚያግደው ነገር ሲያጋጥመው የሚቆመው የሰው እግር እንዳይጨፈልቅ ተብሎ ነው፤ በዚያን ቀንም ያደረገው የታዘዘውን ነው። ይህን መልስ ለብዙ ቀናት አሰላሰልሁት። ሐሰት አልነበረበትም። መርገጫው የራሱን ደንብ አክብሯል፤ እናቴም ወድቃለች፤ ሁለቱም እውነት ናቸው።

የፖለቲካ ሰው አመሉን አይተውምና ያን ጊዜ በሐሳቤ የመጣው ምርጫ 97 ነበር። በ1997 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ከምርጫው በፊት በነበሩት ወራት በቴሌቪዥን የተላለፉትን ክርክሮች ያየ ሰው፣ መርገጫው እግሩ ሥር የተዘረጋለት መስሎት ነበር። እኔም ከነዚያ አንዱ ነበርሁ። በሩ ተከፍቶ ነበር፤ የሞተሩም ድምፅ ተሰምቶ ነበር። ከምርጫው በኋላ የሆነውን መድገም አያስፈልገኝም። ቋሚ መርገጫ ለመጣው ሁሉ ነው፤ በሩ ተቆልፎ እንኳ ሕፃን ይቆምበታል፣ ሽማግሌ ያርፍበታል። ተሰብሳቢው ግን የበሩ ባለቤት ነው፤ በር የሚከፍት ከሌለ እርሱም የለም። ባለቤቱ ደግ በሆነ ጊዜ ከቋሚው የበለጠ ዝቅ ይልልሃል፤ ያለመዱህንም እግር ያለምድሃል።

ምናልባት በቋሚው ላይ ያለኝ እምነት ከልጅነቴ የመጣ ይሆናል። በአደግሁበት ከተማ የሚያልፉት የጭነት መኪኖች ፊያት 682 ኤን 3፣ እኛ «ኤንትሬ» የምንላቸው ነበሩ። ረዳቱ መኪናው ሳይቆም መርገጫው ላይ ዘሎ ሲወጣ፣ ሲወርድ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ሲያደርግ እናይ ነበር። ያ ብረት ከረዳቱ በቀር ማንም እንደማይወስድበት ቦታው ነበር። በደብል ጋቢና ዘመን ደግሞ መርገጫው የጋቢና ሰዎች ሆነ፤ ከኋላ ጭነቱ ላይ የሚሳፈረው ሕዝብ ጎማ ረግጦ ስፖንዳውን ዘልሎ መግባቱን ቀጠለ። አሁን በአሜሪካ ተሰብሳቢው መርገጫ ወደ ኋላ ሄዶ ወደ ጭነቱ ለመውጣት የሚያገለግልባቸው ፒክአፖች አሉ፤ በእግር ሲነኩት ይንቀሳቀሳል። እዚያ ከኋላ የሚጫነው ዕቃ ነው፤ እኛ ዘንድ ሰው ነው፤ መርገጫው የተሠራው ግን ለዕቃው ነው።

ከወንድሜ ጋር ተከራከርን። የእሱ ክርክር ቀላል አልነበረም። ሥራው ከከተማ ውጭ ባሉ እርሻዎች ስለሚያዞረው ቋሚው ቱቦ ድንጋይ ይመታዋል፤ ቆንጆ መኪናም ያስቀይማል። «አንድ ቀን በረዶ ጣለ ብለህ ጋሼ፣ ቴክሳስ እኮ ነው!» አለኝ። ያ ቀን ግን እናቱ የወደቀችበት ቀን ስለሆነ ክርክሩን እኔ ሳልሆን የእናቴ ጂፕሰም ረታው። በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ሁለታችን መኪናው ሥር ተኝተን ሞተሩንና ክንዶቹን ፈታን፤ ሽቦውን ጠቅልለን አሰርን፤ ጥቁር የብረት ቱቦ ገዝተን በብሎን አሰርነው። ከተሰብሳቢው አራት ጣት ያህል ከፍ ስለሚል ወንድሜ ከበሩ አጠገብ የእጅ መያዣ ጨመረበት።

እናቴ ወደ ሀገሯ ከመመለሷ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሌሊቱን ዝናብ ዘንቦ ነበር። ግራ እጇን መያዣው ላይ፣ ቀኝ እግሯን ቱቦው ላይ አድርጋ ማንንም ሳትጠብቅ ወጣች። ተቀምጣ የቀሚሷን ጥለት አየችው፤ አንድ ጋት የሚያህል ጭቃ ተለጥፎበታል። «ይኼ ደግሞ ምነው ፊቱን አይታጠብ!» አለችና ወንድሜን ጨርቅ ጠየቀችው። ቀሚሷን ትጠርጋለች ብለን ስንጠብቅ፣ ጎንበስ ብላ ብረቱን መጥረግ ጀመረች።