በገዛ እጄ ያመጣሁት አበባ

በነርስነት 35 ዓመት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጓደኞቼ «አሁንስ እረፊ» ይሉኛል። እኔን ግን ሲያሳስበኝ የኖረው የእናቴ ጓሮ ነበር። ምንጃር ውስጥ፣ ከአረርቲ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ ከቤታችን ጀርባ ተነስቶ እስከ ወንዙ አፋፍ የሚወርድ ትንሽ መሬት አለን። እናቴ ካረፈች በኋላ ታናሽ ወንድሜ ነበር የሚያርሰው። እሱ ሲታመም መሬቱም ጦም አደረ። ከሁለት ዓመት በፊት ወንድሜን ስንቀብር ወደ ጓሮ ዞር ብዬ ለማየት እንኳን ልብ አልነበረኝም።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ተመልሼ ሄድኩና አየሁት። በልጅነታችን የምንሯሯጥበት ቦታ ሰው የማያሳልፍ ጥሻ ሆኗል። አጋሙ፣ ቀጋው፣ ክትክታው አለ፤ ከሁሉም በላይ ግን የወፍ ቆሎ የሚባለው ቁጥቋጦ ሁሉን አልብሶታል። የወንድሜ ሚስት «እትዬ፣ ከዚህ ውስጥ ጅብ ብቅ እያለ ልጆቹን ማታ ደጅ ማውጣት ፈርቻለሁ» አለችኝ።

እኔም ከተሜ ነኝና የመጣልኝ መፍትሔ ገንዘብ ነበር። አራት ጎረምሶች ቀጠርኩ። በሦስት ቀን በገጀራ ጨፍጭፈው፣ ከምረው አቃጠሉት። ቦታው ወለል ብሎ ሲታየኝ ደስ ብሎኝ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። በግንቦት ስሄድ ግን ከእያንዳንዱ ጉቶ አምስትም ስድስትም ቀንበጥ ወጥቶ፣ ጭራሽ ከበፊቱ በርትቶ ጠበቀኝ።

ቆሜ ስመለከት ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት መጡ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ሲስተር፣ ይህን ነገር ያመጣሽው አንቺ እኮ ነሽ» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ቀስ እያለ ትዝ አለኝ። 1979 ዓ.ም ነው። የመጀመሪያ ምድቤ በነበረው ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ የተከረከመ የወፍ ቆሎ አጥር ነበር፤ ቢጫና ሮዝ አበባው ሲያዩት ያምራል። ለፋሲካ ወደ ቤት ስመጣ አምስት ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በአውቶቡስ ይዤላት መጣሁ። እናቴ አጥሩ ሥር ተከለችው። እስክትሞት ድረስ «የልጄ አበባ» ነበር የምትለው።

የወፍ ቆሎ አገሩ ሩቅ ነው፤ ከአሜሪካ ሞቃት አካባቢዎች ለጌጥ እየተባለ በዓለም የተሠራጨ ተክል ነው። ጥቋቁር ፍሬውን ወፎች ይለቅሙና በሄዱበት ይዘሩታል። ስሙም ይህንኑ ይናገራል። እኔ ግን ስሙን እየጠራሁ ትርጉሙን ልብ አላልኩም።

አዛውንቱ ቀጠሉ። «አንድ በጋ ሣር የጠፋ ጊዜ፣ ጥጃ ያስከተለች ላሜ በላችው። አፍንጫዋ ተላጠ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆነ፤ ፀሐይ እየሸሸች ጥላ ለጥላ ስትል ሰንብታ ሞተች።» እኔ የሰው እንጂ የከብት ነርስ አይደለሁም፤ ቢሆንም ዓይን ቢጫ ሆነ ሲሉኝ ጉበት እንደተጎዳ ገባኝ። የዚህ ተክል ቅጠል የከብትን ጉበት ይመርዛል፤ ቆዳውም ፀሐይ አልችል ይላል።

«ጋሼ፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምነው ሳይነግሩኝ?» አልኳቸው።

«እናትሽ የልጄ አበባ እያለች የምትወደውን፣ እንዴት ብዬ ንቀይው ልበላት? አንቺም ብትሆኚ በእረፍትሽ ስትመጪ የስንቱን ልጅ ስታክሚ የኖርሽ ሰው ነሽ።»

የላሟን ዋጋ ልክፈል ብዬ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። «ለላሟ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ዘሩ ግን ወደ እኔም ማሳ ገብቷል። ገንዘቡን ተይውና ከሥሩ እንንቀለው» አሉኝ።

እውነቴን ነው፣ አፈርኩ። በሥራ ዘመኔ ስንቱን የቲቢ ታማሚ «ሁለት ወር ውጠህ ሲሻልህ መድኃኒቱን ካቆምክ በሽታው በርትቶ ይመለሳል» እያልኩ ስቆጣ ኖሬያለሁ። በጥር ወር ያደረግሁት ግን ያንኑ ነበር። ላዩን ቆርጬ ተሻለኝ አልኩ።

ደቦ ተጠራ። የወንድሜ ሚስት ጠላ ጠመቀች፣ እኔ ንፍሮና እንጀራ አዘጋጀሁ፣ 14 ሰው መጣ። የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን አርጥቦት ስለነበር ሥሩ በዶማ ሲቆፈር እሺ አለ። በደረቁ ቢሆን ኖሮ ተበጥሶ መሬት ውስጥ ይቀር ነበር። ፍሬ የያዘውን ለብቻ ለቅመን አቃጠልን። ጉቶውን በእሳት መለብለብ ብቻውን እንደማይረባ ከጥሩ ሥራዬ ተምሬያለሁ።

ሁሉንም ግን አልመነጠርንም። አዛውንቱ በወንዙ አፋፍ ያለውን ክትክታና አጋም አስተዉን፤ ተዳፋቱ ባዶ ከቀረ ክረምቱ አፈሩን ይዞት ይሄዳል። ከጥሻው መሃል ደግሞ የእናቴን እንዶድ አገኘሁት። ልብሳችንን ያጠበችበት እንዶድ! ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆቹ 1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው፣ እንዶድ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም ያሳወቁት። ይህን በትምህርት ቤት ስማር «እናቴ ጓሮ አለ» ብዬ ኮርቼ ነበር። እንዳይነካ ዙሪያውን በድንጋይ አጠርኩት።

ሥራ ላይ ሳለን አንድ ወጣት የአጋም እሾህ እግሩ ውስጥ ዘለቀ። «ምንም አይደል» ብሎ ሊቀጥል ሲል አስቀመጥኩት። የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስ አፈር ውስጥ ይኖራል፤ ጠባብና ጥልቅ ቁስል ደግሞ ይመቸዋል። በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥቤ ለክትባት ጤና ጣቢያ ላክሁት። እናንተም ምንጠራ ስትወጡ ወፍራም ጫማ አድርጉ፤ እጃችሁን ከመስደዳችሁ በፊት በረጅም ዱላ ጥሻውን ምቱ። እባብ ከነደፈ መብጣት፣ መምጠጥ፣ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ይጎዳል እንጂ አይረዳም። የተነደፈውን ሰው አረጋጉት፣ ቀለበትና አምባር አውልቁለት፣ የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ደግፋችሁ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም አድርሱት። ከብት ያላችሁ ደግሞ የተቆረጠውን የወፍ ቆሎ ከብት በማይደርስበት ቦታ አድርጉት፤ ልጆችም አረንጓዴውን ፍሬ እንዳይበሉ ተጠንቀቁ።

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ወሩ እሄዳለሁ። የወንድሜ ልጆችና እኔ እየዞርን አዲስ የበቀለውን በእጃችን እንነቅላለን። አሁንም ይበቅላል፤ ወፉ ያመጣዋል፣ አፈር ውስጥ የቀረውም ዘር አለ። ባዶውን ቦታ ግን ሣር ይዞታል። ባለፈው ወር ስሄድ የአዛውንቱ ጊደር እዚያ ታስራ ስትግጥ አየኋት። የወንድሜ ሚስት ናት ጠርታ ያሰረቻት።

ውድ አንባብያን፣ የወላጆቻችሁ መሬት ካለ ሄዳችሁ እዩት፤ ለቀብር ብቻ አትሂዱ። አበባ ይዛችሁ የምትሄዱም ከሆነ፣ ከማማሩ በፊት ምን እንደሚያደርግ እዚያ ያሉትን ገበሬዎች ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ተክዬ፣ የነገሩኝ ከ30 ዓመት በላይ ቆይተው ነው።